ሬንጅ ከፈሰሰ መስታወት ለምን አይፈስም?

ጥያቄው የመጣው ከአንድ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው። «ተማሪዎቼ ለሁለት ተከፍለው ተከራከሩብኝ። ግማሾቹ መስታወት በጣም ዝግ ብሎ የሚፈስ ፈሳሽ ነው፣ የአውሮፓ የድሮ ቤተ ክርስቲያን መስኮቶች ከታች የወፈሩት ለዚህ ነው አሉ። ማስረጃቸው ያ በቪዲዮ የሚታየው፣ በዓመታት አንዴ ጠብ የሚለው ዝፍት ነው። ሌሎቹ ደግሞ መስታወት ጠጣር ነው፣ አለቀ አሉ። የቱ ልክ ነው? አንድ ፈሳሽ ወደ መስታወትነት ሲጠጋስ ውስጡ ምን ይሆናል? እንደ ውሃና በረዶ ድንገት ቀጥ ይላል?»

መምህር፣ እኔ የምሠራው የመንገድ ሬንጅ የሚፈተሽበት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። የጠየቁኝ ነገር በየቀኑ እጄ ላይ ያለ ስለሆነ ትንሽ ብረዝም ይታገሱኝ። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

ከመስኮቱ ልጀምር፤ እሱ ቶሎ ያልቃል። የድሮዎቹ መስኮቶች አልፈሰሱም። ከታች የወፈሩ መኖራቸው እውነት ነው። ግን ከላይ የወፈሩም አሉ፣ ከጎን የወፈሩም አሉ። ነገሩ የአሠራር ጉዳይ ነው። ከሚሠሩባቸው ዘዴዎች አንዱ የጋለውን መስታወት በቧንቧ ነፍቶ፣ በዘንግ ጫፍ ላይ አድርጎ በፍጥነት ማሽከርከር ነበር። መስታወቱ እንደ ትልቅ ሰሃን ይዘረጋል። ውፍረቱ ግን ከመሃል እስከ ዳር እኩል አይመጣም። ከዚያ ላይ የተቆረጠ መስታወት አንድ ጎኑ ቢወፍር አይገርምም። መስኮት የሚገጥመው ሰው ወፍራሙን ጎን ወደ ታች ካደረገው፣ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ የሚያየው ሁሉ «ፈሷል» ይላል።

ሒሳቡም ተሠርቷል። በቅርብ ዓመታት ተመራማሪዎች የለንደኑን ዌስትሚኒስተር አቤይ ቤተ ክርስቲያን የመካከለኛው ዘመን መስታወት ቅንብር ወስደው በክፍል ሙቀት ምን ያህል ሊፈስ እንደሚችል አሰሉ። መልሱ በ1 ቢሊዮን ዓመት ቢበዛ 1 ናኖሜትር ገደማ ሆነ። ይህ የጥቂት አቶሞች ስፋት ነው። እነዚያ መስኮቶች የቆዩት ደግሞ ጥቂት መቶ ዓመታት ነው። ከመጤፍ አይቆጠርም።

ማስረጃው አገራችንም ውስጥ አለ። ባልጩት ያውቃሉ አይደል? ያ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሲሰበር እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ድንጋይ። እሱ እሳተ ገሞራ የሠራው መስታወት ነው። ዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ጋደሞታ በሚባል ቦታ የጥንት ሰዎች ከባልጩት የሠሯቸው ስለታም መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ዕድሜያቸው ከ270,000 ዓመት በላይ ነው። መስታወት በእኛ ሙቀት የሚፈስ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚጠፋው ያ ስስ ጠርዝ ነበር። አልጠፋም።

እንግዲህ ዝፍቱ፣ የሬንጅ የቅርብ ዘመድ የሆነው ጥቁር ነገር። በ1927 በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ፓርነል የተባሉ ፕሮፌሰር ዝፍት አቅልጠው ጫፉ በተደፈነ የመስታወት ፈነል ውስጥ ጨመሩ። ሦስት ዓመት እንዲረጋ ተዉት። በ1930 የፈነሉን ጫፍ ቆረጡለት። የመጀመሪያው ጠብታ የወደቀው በ1938 ነው። እስከ 2014 ድረስ የወደቁት 9 ብቻ ናቸው። ከ1961 ጀምሮ ሙከራውን ሲጠብቁ የኖሩት ጆን ሜይንስተን አንድም ጠብታ ሲወድቅ በዓይናቸው አላዩም። በ1988 ለጥቂት ደቂቃ ወጣ ባሉበት ወደቀ። በ2000 ካሜራው ተበላሸ። በ2013 አረፉ፤ ቀጣዩ ጠብታ የወረደው በዓመቱ ነው። ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ከሙከራው ውስጥ ለተማሪዎችዎ የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው፣ ያው ዝፍት በመዶሻ ቢመታ እንደ ጠርሙስ ይሰባበራል። ሁለተኛው፣ መጀመሪያ ላይ ጠብታው በ8 ዓመት አካባቢ አንዴ ነበር የሚወድቀው። ሕንፃው አየር ማቀዝቀዣ ከገባለት በኋላ ግን ልዩነቱ ወደ 12 እና 13 ዓመት ተዘረጋ። ክፍሉ ትንሽ ቀዘቀዘ፣ ፍሰቱ ደግሞ በብዙ ዘገየ። እነዚህን ሁለቱን ይያዟቸው፤ ጉዳዩ በሙሉ እዚህ ውስጥ ነው።

አንድ ፈሳሽ እንዳይፈስ የሚይዘውን ውስጣዊ መጎተት ዝልግልግነት እንበለው። ባለሙያዎች ቪስኮሲቲ ነው የሚሉት። የሚለካው በፓስካል ሰከንድ ነው። ውሃ 0.001 አካባቢ ነው። ማር 10 አካባቢ። የኩዊንስላንዱ ዝፍት 230 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ ተገምቷል። የውሃን 230 ቢሊዮን እጥፍ ማለት ነው።

ቀጥሎ አንድ ቀላል ክፍፍል አለ። የቆየ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል ያመጣው። የፈሳሹን ዝልግልግነት ወስደው ለግትርነቱ ያካፍሉት። ግትርነት ስል ድንገት ሲመታ የሚያሳየውን የመመለስ ጉልበት ነው። የሚመጣው ቁጥር ጊዜ ነው። ሞለኪውሎቹ ቦታ ተለዋውጠው የደረሰባቸውን ጫና ለማርገብ ስንት ጊዜ ይፈጅባቸዋል? ያንን ነው የሚነግርዎት። እርጋታ ጊዜ እለዋለሁ።

ለዝፍቱ ግትርነቱን 1 ቢሊዮን ፓስካል ብለን ብንገምት ሩብ ሰከንድ ገደማ ይመጣል። መዶሻ የሚያርፈው በሺኛ ሰከንድ ውስጥ ነው። ሞለኪውሎቹ ቦታ ለመለዋወጥ ጊዜ አላገኙም። ስለዚህ ይሰበራል። የራሱ ክብደት ደግሞ ለዓመታት ሳያቋርጥ ይጎትተዋል። ያኔ ጊዜው የትየለሌ ነው። ስለዚህ ይፈሳል። ያው ዝፍት፣ ያው ክፍል፣ ያው ቀን። የተለያየው የጠየቅነው ፍጥነት ብቻ ነው።

ለመስኮት መስታወቱ ያንኑ ክፍፍል ቢሠሩት ሚሊዮኖች ዓመታት ይመጣሉ። ለዚህ ነው ጠጣር ነው ያሉት ተማሪዎች በሥራም በኑሮም ልክ የሚሆኑት። ፈሳሽ ነው ያሉትም የያዙት ነገር አለ፤ ወደ ውስጡ ስንገባ እመለስበታለሁ።

ይህን የጊዜ ንጽጽር የእኛ ሙያ የዲቦራ ቁጥር ይለዋል። ስሙን ያወጣው ማርከስ ራይነር ነው፤ በእስራኤል ሐይፋ በቴክኒዮን ያስተምር የነበረ። ከመሳፍንት መጽሐፍ ምዕራፍ 5፣ ከነቢይቱ ዲቦራ መዝሙር ወሰደው። በዕብራይስጡ ተራሮች በእግዚአብሔር ፊት ፈሰሱ የሚል አለ። ራይነር ያየው ነገር ግሩም ነው። በሰው ዕድሜ ተራራ ፍንክች አይልም። በእግዚአብሔር ፊት ግን የጊዜ ገደብ የለም፤ ስለዚህ ተራራም ይፈሳል።

እኔ ይህንን ቁጥር የማየው መንገድ ላይ ነው። ከአዋሽ ወደ ሚሌ በሚወስደው ቆላ ላይ የከባድ መኪና ጎማ አስፋልቱ ውስጥ የሠራውን ቦይ አይተው ይሆናል። በዚያ አገር ፀሐይ ጥቁር አስፋልት 60 ዲግሪ ቢደርስ ብርቅ አይደለም። ሬንጁ ይለሰልሳል። ቦዩ የሚብሰው ደግሞ መኪና እየተንፏቀቀ በሚወጣበት ዳገት ላይ፣ ወይም ቆሞ በሚጠብቅበት ኬላ አካባቢ ነው። በፍጥነት የሚያልፍ ጎማ ሬንጁን ለቅጽበት ብቻ ይጫነዋል፤ ሬንጁም እንደ ጎማ ተለጥጦ ይመለሳል። ቀስ ብሎ የሚሄደው ግን ለመፍሰስ ጊዜ ይሰጠዋል። ክብደቱ አንድ ነው፤ ጊዜው ነው የተለየው። ላቦራቶሪ ውስጥም እንዲሁ ነው። በ25 ዲግሪ 100 ግራም የተጫነበት መርፌ ሬንጁ ላይ አስቀምጠን በ5 ሰከንድ ምን ያህል እንደጠለቀ እናያለን። 5 ሰከንድ ባንል ቁጥሩ ትርጉም አይኖረውም ነበር።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄዎ። እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው።

ውሃ በረዶ ሲሆን ድንበር አለው። ዜሮ ዲግሪ ላይ ሞለኪውሎቹ ረድፍ ይይዛሉ፣ ሙቀት ይለቃሉ፣ ሥርዓቱ ይለወጣል። ከዚህ በፊት ፈሳሽ፣ ከዚህ በኋላ ክሪስታል። ወደ መስታወትነት የሚሄድ ፈሳሽ እንዲህ አያደርግም። ረድፍ የመያዝ ዕድሉን አልፎት ይሄዳል። ወይ በፍጥነት ስለቀዘቀዘ፣ ወይ ሞለኪውሎቹ ለመደርደር የማይመቹ ስለሆኑ። ከዚያ ዝም ብሎ እየወፈረ፣ እየወፈረ ይሄዳል። በኤክስሬይ ቢያዩት ከመቆሙ በፊትም ከቆመ በኋላም የአቶሞቹ አቀማመጥ እንደዚያው የተዘበራረቀ ነው። በፎቶ ፈሳሹንና መስታወቱን መለየት ይከብዳል። ፈሳሽ ነው ያሉት ተማሪዎችዎ የያዙት እውነት ይህ ነው፤ መስታወት የፈሳሽ መልክ እንዳለው የቆመ ጠጣር ነው።

የት ላይ ነው የሚቆመው? እኛ በስምምነት ያስቀመጥነው መስመር አለ። ዝልግልግነቱ 1 ትሪሊዮን ፓስካል ሰከንድ ሲደርስ ወደ መስታወትነት ተሸጋገረ እንላለን። ያኔ የእርጋታ ጊዜው ደቂቃ ወይም ሁለት ደቂቃ አካባቢ ነው። ለምን እዚያ? አንድ ሰው መሣሪያ አጠገብ ቆሞ ሊጠብቅ የሚችለው ያን ያህል ስለሆነ ነው። ተፈጥሮ እዚያ ላይ አጥር አልሠራችም። ማረጋገጫው ደግሞ ይህ ነው፦ ያንኑ ፈሳሽ በ10 እጥፍ ቀስ ብለው ቢያቀዘቅዙት የመሸጋገሪያው ሙቀት ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። የበረዶ ነጥብ እንዲህ አይንሸራተትም።

የመስኮት መስታወት መሸጋገሪያው 550 ዲግሪ አካባቢ ነው። የእርስዎ ክፍል ውስጥ ያለው መስታወት ከመሸጋገሪያው ከ500 ዲግሪ በላይ ወርዶ ነው የተቀመጠው። የኩዊንስላንዱ ዝፍት ግን ገና መሸጋገሪያው ላይ አልደረሰም፤ ወፍራም ይሁን እንጂ ፈሳሽ ነው። ተማሪዎችዎ ሁለቱን እንደ አንድ ማየታቸው ነው ያጣላቸው።

ውስጡን ለማየት ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ የሚሄድ የታጨቀ ሚኒባስ ያስቡ። ሰዓቱ 11 ተኩል ነው። እርስዎ የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ መስኮቱ ጥግ ነዎት። «ወራጅ አለ!» ይላሉ። ብቻዎን ግን መውረድ አይችሉም። ከጎንዎ ያሉት ይነሱ፣ ከፊት ያለው ጉልበቱን ይሰብስብ፣ በር ላይ የቆመው ወርዶ ይጠብቅ። የአንድ ሰው መንቀሳቀስ የአምስት ሰው ስምምነት ይፈልጋል። መኪናው ባዶ ቢሆን ተነስተው ይወርዱ ነበር።

ሞለኪውልም እንዲሁ ነው። ሞቃት ፈሳሽ ውስጥ ጎረቤቱን ገፋ አድርጎ ያልፋል። ሲቀዘቅዝ ፈሳሹ ይጠጋጋል፣ ጎረቤቶቹ ጎጆ ሆነው ይከቡታል። መፈናፈኛ ያጣል። ቀጥ ግን አይልም። በጎጆው ውስጥ በሰከንድ ከትሪሊዮን ጊዜ በላይ ይወዛወዛል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው፤ ይሄዳል፣ ይጋጫል፣ ይመለሳል። መሸጋገሪያው አጠገብ አንድ ሞለኪውል አንዴ አምልጦ ቦታ ለመቀየር 100 ትሪሊዮን ጊዜ ያህል ይሞክራል። ከዚያ ውስጥ አንዷ ይሳካላታል። የሚሳካላትም ጎረቤቶቹ አብረው ሲንቀሳቀሱ ነው። ፍሰት ማለት የእነዚህ ብርቅ ማምለጦች ድምር ነው።

ሌላ የሚደንቅ ነገር አለ። ፈሳሹ ሁሉ ቦታ እኩል አይዘገይም። ጥቂት ናኖሜትር ስፋት ያለው አንድ ሰፈር ውስጥ እንቅስቃሴ አለ፤ አጠገቡ ያለው ሰፈር እግር ከወርች ታስሯል። ጥቂት ቆይቶ ይገለባበጣሉ። ለዚህ ነው መሸጋገሪያው አጠገብ የተለመደው ሕግ የሚፈርሰው። በተራ ፈሳሽ ዝልግልግነቱ 10 እጥፍ ሲጨምር የሞለኪውሎች መሰራጨትም 10 እጥፍ ገደማ ይዘገያል። ኦርቶተርፊኒል በሚባል ፈሳሽ ላይ ሲለካ ግን መሸጋገሪያው አጠገብ ሞለኪውሎቹ ከዝልግልግነቱ ከሚጠበቀው 100 እጥፍ ያህል ፈጥነው ሲሰራጩ ተገኙ። ነፃ የሆኑት ሰፈሮች መንገድ ይሰጧቸዋል። ፈሳሹ በጅምላ እንዳይፈስ የሚይዙት ደግሞ የታሰሩት ናቸው።

ሁሉም ፈሳሽ በአንድ ዓይነት መንገድ ወደ መስታወትነት አይሄድም። ኦስተን አንጀል የተባለው ኬሚስት ጠንካራና ተሰባሪ ብሎ ከፈላቸው። ስሙ ያሳስታል፤ ስለ መሰበር አይደለም። ከንጹሕ አሸዋ የሚሠራው ሲሊካ ጠንካራ ነው። መሸጋገሪያው 1,200 ዲግሪ አካባቢ ነው። እዚያ አጠገብ ዝልግልግነቱ 10 እጥፍ እንዲጨምር 70 ዲግሪ ያህል መቀዝቀዝ አለበት። አንድ ነገር እንዲፈስ የሲሊከንና የኦክሲጅን ማያያዣ መበጠስ አለበት፤ የመበጠሻው ዋጋ ደግሞ ብዙም አይለዋወጥም። ኦርቶተርፊኒል ተሰባሪ ነው። መሸጋገሪያው ከዜሮ በታች 27 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ እዚያ አጠገብ በ3 ዲግሪ ብቻ 10 እጥፍ ይወፍራል። እዚህ የሚበጠስ ማያያዣ የለም። ያለው መጨናነቅ ነው፤ በቀዘቀዘ ቁጥር አንዱን ለማስወጣት መነሳት ያለባቸው ተሳፋሪዎች ይበዛሉ። ዋጋው ራሱ እየጨመረ ይሄዳል ማለት ነው። የኩዊንስላንዱ ዝፍት በአየር ማቀዝቀዣ ምክንያት ያን ያህል መዘግየቱ አሁን አይገርምዎትም።

የመስታወት ሠራተኛ ኑሮ በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። መስታወቱን የሚቀርጸው 1,000 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ያኔ ከማር 100 እጥፍ ያህል ይወፍራል። ወደ 720 ሲወርድ በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ ከመጉበጥ ያለፈ አያደርግም። 550 አካባቢ ደግሞ ለጥቂት ደቂቃዎች ያቆየዋል፤ ውስጡ የታመቀው ጫና እንዲረግብ። ይህን ዘሎ ቶሎ ያቀዘቀዘው ዕቃ ጫናውን እንደያዘ ይቀራል። ከሳምንት በኋላ ማንም ሳይነካው ሼልፍ ላይ ጧ ሊል ይችላል።

ከመሸጋገሪያው በታች የሚሆነው ግን ያልተፈታ ነው። ፊሊፕ አንደርሰን፣ የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ፣ በ1995 የመስታወት ምንነት ከጠጣር ነገሮች ጥናት ውስጥ ምናልባት ጥልቁ ያልተመለሰ ጥያቄ እንደሆነ ጽፎ ነበር። ትልቁ ክርክር ይህ ነው፦ ማለቂያ የሌለው ጊዜ ቢኖረን፣ ዝልግልግነቱ የሆነ ሙቀት ላይ ወሰን የለሽ ይሆናል? ወይስ ይጨምራል እንጂ መቼም እዚያ አይደርስም? ላቦራቶሪ ውስጥ ማየት አይቻልም፤ እኛ እናልቃለን። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ግን ብልህ መንገድ አገኘ። 20 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ የዶሚኒካን ሪፐብሊክ አምበር ወሰዱ። አምበር የጥንት የዛፍ ሙጫ ነው፣ እሱም መስታወት ነው። 20 ሚሊዮን ዓመት ሙሉ ጊዜ ስላገኘ ከመሸጋገሪያው በታች በጣም ረግቷል። ሲለኩት ወደ ወሰን የለሽነት የሚሄድ ምልክት አላዩበትም። ክርክሩ በዚህ አልተዘጋም። እኔ ግን ወደ ሁለተኛው መልስ አደላለሁ።

ለክፍልዎ አንድ ሙከራ ልተውልዎ። ስኳርና ትንሽ ውሃ በብረት ድስት አፍልተው ውሃው እስኪያልቅና ወርቃማ መልክ እስኪይዝ ይጠብቁ። በጣም ያቃጥላል፤ ተማሪዎቹ ራቅ ብለው ይቁሙ። ከእሳት አውርደው በየግማሽ ደቂቃው በማንኪያ ያንሱት። መጀመሪያ እንደ ዘይት ይወርዳል። ከዚያ እንደ ማር። ከዚያ ክር ይሠራል፤ ክሩ ፀጉር እስኪመስል ይቀጥናል። ከዚያ ማንኪያው ላይ ፍንክች አይልም። ቅባት የተቀባ ሰሃን ላይ ያፈሰሱት ደግሞ ሲነኩት ጠቅ የሚል ከረሜላ ይሆናል። የደረቀ ስኳር መሸጋገሪያ 60ዎቹ ዲግሪ ውስጥ ስለሆነ፣ በክፍል ሙቀት እውነተኛ መስታወት ነው የሠሩት።

አሁን ከረሜላውን ይስበሩት። ጠርዙ ይቆርጣል፤ እንደ ባልጩት። አንዱን ስባሪ በደንብ በታሰረ ደረቅ ጠርሙስ ያስቀምጡ። ሌላውን ክፍት ሰሃን ላይ ይተዉት፣ ክረምት ቢሆን ይመረጣል። ስኳሩ ከአየር እርጥበት ይስባል። ትንንሾቹ የውሃ ሞለኪውሎች መሃል እየገቡ የታሰሩትን ያላቅቃሉ። ጥቂት ፐርሰንት ውሃ መሸጋገሪያውን በብዙ አሥር ዲግሪዎች ያወርደዋል፤ ከላይኛው ገጽ ጀምሮ ከክፍሉ ሙቀት በታች ይገባል። በጠርሙስ ያለውን ከቀናት በኋላ ሲያወጡት ጠርዙ እንዳለ ነው። የሰሃኑ ግን ጣት ላይ ይጣበቃል፣ ስለታም የነበረው ጠርዙም ተድበልብሏል።